ስፔን ሁሉ ፍላሜንኮ ይጨፍራል እንዴ?

ባለፈው ወር ስለ እስክስታ ጻፍኩ። አንዲት እናት ያንን አንብባ ስለ ስፔን ጠየቀችኝ። እሷን ተከትሎ ሌላው፣ እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ይኸው የዛሬው ዓምድ ስፔንን ሲዞር ሊውል ነው። በወጣትነቴ በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ ተወዛዋዥ ስለነበርኩ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ አፌን መያዝ አልችልም። ከረዘመባችሁ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። ትምህርት ቤቷ የአገሮች ቀን ሊያከብር ነው፣ ለእሷ ክፍል ስፔን ደረሰው። መምህሯ “ነጠብጣብ ያለው ቀይ ቀሚስ፣ ማራገቢያ፣ ጸጉሯ ላይ አበባ” ብላ ጻፈችልን። ባርሴሎና ብዙ ዓመት የኖረች ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀችብኝ። “እዚያ እንደዚህ የሚጨፍር የለም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚዞሩት” አለች። እኔ ደግሞ ለልብስ ሰፊው ቀብድ ከፍያለሁ። ማንኛዋ ናት ትክክል? (የፒያሳዋ እናት)

መልስ፦ ቀሚሱን አሰፊው፣ ቀብድሽ አይቅለጥ። ጎረቤትሽም አልዋሸችም። ግን ሙሉ እውነቱንም አልነገረችሽም፣ እሱን ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

ባለ ነጠብጣቡ ቀሚስ የደቡቡ የአንዳሉሲያ ነው፣ በተለይ የሲቪያ። (ላሊጋ የምታዩ ሰዎች ሲቪያ ሲባል ኳስ ብቻ እንዳይታያችሁ።) ከተማዋ በየዓመቱ በጸደይ አንድ ሳምንት የሚፈጅ ትልቅ በዓል አላት። እ.ኤ.አ. በ1847 ሲጀመር ግን የከብት ገበያ ነበር። ከብት ሊሸጡ ከመጡት ሰዎች ጋር ሴቶቻቸው ባለ ሽንሽን የሥራ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ይመጡ ነበር፣ የከተማዋ ወይዛዝርት ደግሞ አዩት፣ ወደዱት፣ ለራሳቸውም አሰፉት። የዘወትሩ ልብስ የክት ሆነ ማለት ነው። በዓሉ ላይ በብዛት የሚጨፈረው ሲቪያናስ የሚባል የጥንድ ጭፈራ ነው፣ ፍላሜንኮ ከምንለው (በጊታር፣ በጭብጨባና በእግር ምት ከሚታጀበው የደቡቡ ዘፈንና ጭፈራ) ጋር ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ጎረቤትሽ የምታወራው ስለ ሳርዳና ነው። እሱ የሰሜን ምሥራቁ የካታሎኒያ ጭፈራ ነው። ባርሴሎና ካቴድራሉ ፊት ለፊት እሁድ ጠዋት ሲጨፈር ማየት የተለመደ ነው። ሰዎች ከሥራም ከቤተ ክርስቲያንም እንደመጡ፣ በለበሱት ልብስ፣ ቦርሳቸውንና ኮታቸውን መሬት ላይ ይከምሩና ክምሩን ከበው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ዕቃውም ተጠበቀ፣ ክቡም መሐል አገኘ። የሚያጅባቸው ኮብላ የሚባል ባንድ ነው፣ 11 ሰዎች 12 መሣሪያ ይጫወታሉ። ሒሳቡ እንዴት ነው ካልሽ አንደኛው ሰው በግራ እጁ ትንሽ ዋሽንት እየነፋ እዚያው ክንዱ ላይ የታሰረችውን ኩባያ የምታክል ከበሮ በቀኙ ስለሚመታ ነው።

ከሩቅ ስታዪው ቀላል ይመስላል። ክብ ስለሆነ የትግራይን ኩዳ ያስታውስሽ ይሆናል። ኩዳ ላይ ግን ከበሮው ይወስድሻል፣ ሳርዳና ላይ የሚወስድሽ ቁጥር ነው። አጭር እርምጃ አለ፣ ረጅም እርምጃ አለ። በአጭሩ እጅ ወደ ታች ነው፣ በረጅሙ ወደ ላይ ይነሳል። እያንዳንዱ ዜማ የየራሱ ልክ ስላለው ከክቡ ውስጥ አንድ ሰው ይቆጥራል፣ ዜማው ሲያልቅ የሁሉም እግር አብሮ እንዲያርፍ። ቆጣሪው ከተሳሳተ ክቡ ሁሉ ተሳሳተ። ለዚህ ነው ጨፋሪዎቹ ኮስተር የሚሉት፣ የተጣሉ እንዳይመስልሽ። ካታላኖች ይህን ጭፈራ የእኛ መለያ ነው ብለው ይይዙታል፣ በተለይ ቋንቋቸው ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ከተባረረበት ከአምባገነኑ የስፔን መሪ ከፍራንኮ ዘመን ወዲህ።

አሁን ጎረቤትሽ ያልነገረችሽ። የዛሬውን ሳርዳና ቅርጽ ያስያዘው፣ ዜማውን ያስረዘመውና ባንዱን ያደራጀው ሰው ፔፕ ቬንቱራ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1817 ተወለደ። የት? አንዳሉሲያ! በልጅነቱ ነው ካታሎኒያ የገባው። የሲቪያው የከብት ገበያ እንዲቋቋም ለከተማዋ ምክር ቤት ሐሳብ ያቀረቡት ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዱ ከሰሜኑ የባስክ ምድር፣ አንዱ ካታላን ነበሩ። “እንደዚህ የሚጨፍር የለም” የተባለችው ባርሴሎናም ከፍላሜንኮ ጨፋሪዎች ሁሉ ስሟ የገነነውን ካርመን አማያን ወልዳለች፣ ባሕር ዳርቻው ላይ በነበረ ሶሞሮስትሮ በሚባል የድሆች ሰፈር። አማያ በወንድ ሱሪ ትጨፍር ነበር፣ እግሯ ደግሞ መትረየስ ነው። ጎረቤትሽን ቡና ስትጠጡ ይህን ጠይቂልኝ።

ታዲያ ስፔን ሲባል ቀይ ቀሚስ ብቻ ለምን መጣ? ከስፔን ውጭ ያሉ ሰዎች የፈለጉት እሱን ስለነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቢዜ ኦፔራ “ካርመን” የሲቪያን ታሪክ የሚተርክ የፈረንሳዊ ሥራ ነው። ዓለም ስፔንን በእሱ መነጽር ማየት ለመደ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ቱሪስት ሲጎርፍ ፖስት ካርዱ ላይ የወጣችው ያችው ባለ ቀይ ቀሚስ ሆነች። እኛም እኮ በነጭ ቀሚስና በትከሻ ብቻ ስንሣል ጉራጌው ወዴት ሄደ፣ ወላይታው ወዴት ሄደ እያልን እንበሳጫለን።

ለልጅሽ የምመክረው እንዲህ ነው። እሷ ቀሚሷን ትልበስ። የቀሩት ልጆች እንደለበሱ ክብ ይሥሩ፣ ቦርሳቸውን መሐል ይከምሩ። ለእሱ ቀብድ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ፍላሜንኮ እየሰማን አብረን ልናጨበጭብ እንሞክራለን። እኔ ከበሮ እመታለሁ፣ ምት አይጠፋኝም ነበር። ይሄ ግን ጠፋኝ። ሦስት ነው ስል ሁለት ይሆንብኛል፣ ሁለት ነው ስል ያመልጠኛል። ሚስጥሩ ምንድነው? (ከበሮ መቺው፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አይዞህ፣ እኔን መድረክ ላይ አዋርዶኛል። ቡድናችን የእንግዳ ምሽት ነበረው፣ አንድ ስፔናዊ ጊታር ሊጫወት መጣና “አጨብጭቡልኝ” አለን። እኛ ደግሞ ማጨብጨብ ማን ያስተምረናል ብለን ጀመርን። ሰውዬው ጥቂት እንደተጫወተ ቀና ብሎ አየንና በትሕትና በእጁ ተዉት አለን። አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት!

ሚስጥሩ 12 ነው። ሶሌያ፣ ቡሌሪያ፣ አሌግሪያስ የሚባሉት የፍላሜንኮ ዓይነቶች በ12 ምት ዙር ነው የሚሄዱት፣ ጠንከር የሚለው ምት ግን እኩል ርቀት ላይ አይወድቅም። ሁለት ጊዜ በሦስት ይሄዳል፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በሁለት። እንዲህ በለው፦ “አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት።” “አንድ” ባልክ ቁጥር ብቻ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብ፣ ሌላውን በቀስታ። በአንድ ዙር አምስት ጠንካራ ጭብጨባ ይኖርሃል። ቡሌሪያ ከሆነ ይሄው ነገር በጣም ይፈጥናል፣ ስለዚህ ዝግ ብሎ በሚሄደው በሶሌያ ጀምር።

ለአንተ ይሄ ከባድ የማይሆንበት ምክንያት አለ። ቺክቺካ ስትመታ ስድስቷን ምት በሦስት ሦስትም በሁለት ሁለትም ትሰማታለህ አይደል? ትከሻው በአንዱ ይሄዳል፣ ጭብጨባው በሌላው። እኛ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ደራርበን እንሰማቸዋለን፣ እነሱ ወረፋ ያስይዟቸዋል፣ መጀመሪያ ሦስቱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ። ጆሮህ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ቅደም ተከተሉ ነው የጎደለህ።

እግረ መንገዴን፣ ፍላሜንኮ ከጥንትም ከበሮ አልነበረውም። እጅ፣ እግር፣ ሲቸግርም ጠረጴዛ በጣት አንጓ። ዛሬ ጨዋታው ላይ የምታየው የሚቀመጡበት የእንጨት ሳጥን ካሆን ይባላል፣ ከፔሩ ነው የመጣው። በባርነት እዚያ የተወሰዱ አፍሪካውያን ልጆች መሣሪያ ነው፣ ወደ ፍላሜንኮ ያስገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ጊታሪስቱ ፓኮ ዴ ሉሲያ ነው። አሁን ያለ ሳጥኑ የሚጫወት ቡድን ማግኘት ራሱ ከባድ ሆኗል። ለእኔ ለእኔ ጭብጨባው ብቻውን ሲሆን ይበልጣል። ጭብጨባውም ሁለት ዓይነት ነው፦ መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ የታፈነ፣ ዘፋኙ ሲዘፍን እንዳይሸፍኑት፣ እና በጣት መዳፍን መትቶ ጥርት ያለ። እኛ ያን ምሽት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥርቱ ነበር የለቀቅንበት።

ጥያቄ፦ አንድ ቪዲዮ ላይ እንደ ስኮትላንድ ሰዎች ከረጢት የሚነፉ ሰዎች አየሁ፣ ስፔን ነው ይላል። ተሳስተው ነው? (ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ሰሜን ምዕራቡን ጋሊሲያን ነው ያየኸው፣ ወይም ጎረቤቱን አስቱሪያስን። ዝናብ የማይለየው አረንጓዴ አገር ነው። ሴልታ ቪጎ የሚባለውን ቡድን ታውቀው የለ? የዚያ አገር ነው። መሣሪያው ጋይታ ይባላል፣ ስልቻ ነው ብትል አትሳሳትም። በአፍ ይሞላል፣ በክንድ ይጨመቃል፣ ጣቶች እንደ ዋሽንት ቀዳዳ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ትከሻ ላይ የተጋደመው ረጅም ቱቦ ደግሞ አንዲት ድምፅ ይዞ ንቅንቅ አይልም። የሚያጅበው ጭፈራ ሙኒዬራ ይባላል፣ ስሙ ከወፍጮ ነው የመጣው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠበቅ ይጨፈር ነበር ይላሉ። እኛ ወፍጮ ቤት የምናደርገው መጣላት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት እያመሸን ነው ያደግነው። የፍላሜንኮ ዘፋኝ የስፔን አዝማሪ ነው ብል እሳሳታለሁ? (የድሮ ካዛንቺስ ልጅ)

መልስ፦ ግማሽ ትሳሳታለህ። ድምፁ ላይ ልክ ነህ፣ ያ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ አንዷን ቃል እየሰበረና እያንቀጠቀጠ የሚያስረዝማት አዘፋፈን እኛን ልባችንን ያገኘናል። በግጥሙ ግን የፍላሜንኮ ዘፋኝ ብዙውን ጊዜ የሚዘፍነው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሦስት አራት ስንኝ ነው። እሱ የሚፈጥረው አወጣጡን ነው። ፊትህን አይቶ፣ ኮትህን አይቶ፣ ስምህን ጠይቆ የሚያነሳህና የሚጥልህ አይደለም።

የአዝማሪን እውነተኛ ዘመድ ከፈለግህ ወደ ሰሜን፣ ወደ ባስክ ምድር ውጣ። እዚያ ቤርትሶላሪ የሚባሉ ገጣሚዎች አሉ። ማሲንቆ የላቸውም፣ ጭራሽ ምንም መሣሪያ የላቸውም። ማይክ ፊት ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። አንድ ሰው ጉዳይ ይሰጣቸዋል፣ ለምሳሌ “አንተ ቤቱን ልትሸጥ የመጣህ ልጅ ነህ፣ አንቺ አልወጣም ያልሽ እናት ነሽ” ይላል። ከዚያ ሰዎቹ ጥቂት ሰከንድ መሬት መሬት ያያሉ፣ ከዚያ በታወቀ ዜማ እየዘፈኑ ቤት የሚመታ፣ የቀለም ቁጥሩ የተመጠነ ግጥም ያወርዱታል። በባስክ ቋንቋ። አንደኛው ሲጨርስ ሌላኛው ይመልሳል።

እኛ ቤት “ተቀበል” ብሎ ስንኙን የሚወረውረው እንግዳው ነው፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያስጌጠዋል። እነሱ ጋ ታዳሚው ስንኝ አይሰጥም፣ ግን ሌላ ነገር ያደርጋል። ግጥሙ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ የመጨረሻው ስንኝ ወዴት እንደሚሄድ ገምቶ ከገጣሚው ጋር አብሮ ይዘፍነዋል። የሚገርመው ገጣሚው መጀመሪያ የሚያስበው ያንን የመጨረሻውን ስንኝ ነው። መዝጊያውን በልቡ ይይዝና ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው እየገነባ ወደ እሱ ይመጣል። እኛስ ቅኔ ስንቆጥር ወርቁን ሳንይዝ ሰሙን እናቀልጣለን?

ውድድርም አላቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1935 ተደረገ፣ አሁን ዋናው በየአራት ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢልባኦ አጠገብ ባራካልዶ ላይ የመጨረሻው ዙር ሲካሄድ ከ10,000 በላይ ሰው ገብቶ ነበር፣ ግጥም ሊሰማ! ያን ቀን ያሸነፈችው ማያሌን ሉሃንቢዮ ናት፣ ዘውዱን የደፋች የመጀመሪያዋ ሴት። ዘውድ ያልኩት ግን ኮፍያ ነው፣ ለአሸናፊ የሚደፋለት ትልቅ የባስክ ቆብ። በ2017ም በ2022ም ደግማ ወስዳዋለች።

ጋሊሲያም የዚህ ዓይነት አለ፣ ሬጌይፋ ይሉታል። ሠርግ ላይ ሁለት ሰዎች በግጥም ይሞሻለቃሉ፣ ስሙ የመጣው ደግሞ ከሚፎካከሩበት የሠርግ ዳቦ ነው። ድፎ ዳቦ ላይ ቆሞ ከመሳደብ የበለጠ ለእኛ ሰው የሚመች ነገር የለም፣ ሚዜዎቻችን አለመጀመራቸው ነው የገረመኝ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ልጆቻችንን ድራ ከጨረሰች ወዲህ “አንድ ነገር አብረን እንማር” ትለኛለች። የስፔን ጭፈራ ልናይ ብለን ቪዲዮ ከፈትን። አንዱ ላይ ወንዱ ሲዘል ጉልበቴ በእኔ ፈንታ ታመመ። የሚሆነን አለ? (ስታዲየም አካባቢ ነዋሪ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የዘለለው ሰውዬ አራጎን ከሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ስፔን ክልል ሳይሆን አይቀርም። የሳራጎሳ አገር ሰዎች ጭፈራ ነው፣ ስሙም ሆታ ይባላል። በእኛም “በሆታና በእልልታ” አይደል የምንለው? በትርጉም አይገናኙም፣ ጭፈራው ግን ለስሙ ይመጥናል። እጃቸው ወደ ላይ፣ ጣቶቻቸው ላይ የእንጨት ማንኳኪያ፣ በሦስት ምት እየፈተለኩ ይዘላሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ያ መንበርከክና መነሳት ነው ጠላትዎ። ከሆታ ይራቁ።

ማንኳኪያዋን ግን ካዩ ላይተዋት ይችላሉ፣ ካስታኜት ናት። ጥንድ ጥንድ ሆና ነው የምትሠራው፣ በቀኝ የምትያዘው ቀጠን ያለ ድምፅ አላት፣ “ሴት” ይሏታል። የግራው ወፈር ያለው “ወንድ” ነው። ብዙውን ሥራ የምትሠራው ሴቷ ናት፣ ወንዱ አልፎ አልፎ ጣል ያደርጋል። ባለቤትዎ ይህን ባያነቡት ይሻላል።

ለእናንተ የምመርጠው ሲቪያናስን ነው፣ ለፒያሳዋ እናት የጠቀስኩላትን። ዝላይ የለውም። አራት አጫጭር ክፍል ነው፣ አንዱን ክፍል ይዘው ለወራት ቢቆዩ የሚያስቸኩልዎ የለም። ፊት ለፊት ትቆማላችሁ፣ ትከሻ ለትከሻ ልትነካኩ ትንሽ ቀርቷችሁ ትተላለፋላችሁ፣ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ዋናው ነገር ዓይን ለዓይን መተያየቱ ነው። አብዛኛው ጀማሪ እግሩን ሲያይ የሚስቱን ፊት ይረሳዋል። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን ወደ ዳር ማስጠጋት በቂ ነው፣ ምንጣፉን ግን ያንሱት፣ ያደናቅፋል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። የእያንዳንዱ ክፍል ሙዚቃ ቀስ ብሎ አይጠፋም፣ በአንዴ ቀጥ ይላል። ያኔ አንድ ክንድዎ ከፍ እንዳለ፣ ወገብዎ ቀና እንዳለ ደርቀው መገኘት አለብዎት። እርስዎ አንድ እርምጃ ቀርቶዎት እሳቸው ቀድመው ከቆሙ፣ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት።